ዘጠኝ የሚለው ማሽን

አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ተኮራምተው ተገኙ። ሦስት ብርድ ልብስ፣ ካፖርት፣ የእግር ሹራብ። ክፍሉ ከውጭው ውርጭ አይሻልም።

አስከሬናቸውን ያገኘው ጓሮ ባለው ክፍል የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ነው።

«ጭነት ሲበዛ መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ወድቆ ነበር፤ መልሼ አነሳሁት» አላት መርማሪዋን። ቤት የሚያሞቀውን ሂት ፓምፕ አሳያት። «ይኸው፣ ዘጠኝ ኪሎዋት ይላል። ብሬከሩ የሚችለው አምስት ተኩል! አክስቴን የገደላት ይህን የገጠመው ኤሌክትሪሻን ነው።»

ነገሩ ግልጽ መሰላት። ኤሌክትሪሻኑ ታሰረ። እናቱ ከጣቢያው በር አልነቀል አሉ።

«ዘጠኝ ለሚጠይቅ ማሽን አምስት ተኩል?» አለችው መርማሪዋ።

«ዘጠኝ የሚሰጠው ሙቀት ነው እንጂ የሚበላው መብራት አይደለም።» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «ሙቀቱን ከውጭ አየር ነው የሚስበው። በደህና ቀን በአንድ ኪሎዋት መብራት ሦስት ኪሎዋት ሙቀት ያስገባል።»

«ትናንት ደህና ቀን ነበር?»

«አልነበረም። በውርጭ ይደክማል፤ በአንዱ ሁለት ብቻ። ያንንም አስቤያለሁ። ዘጠኝ ለሁለት ሲካፈል፣ አራት ተኩል።»

«ከተሳሳትክስ?»

«ከተሳሳትኩማ ገዳይ ነኛ።»

በማግስቱ ብርዱ ባሰ። መርማሪዋ ሌላ ባለሙያ ይዛ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደች። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ተነሳ። መለኪያው ሦስት አለ። አራት። አራት ተኩል ላይ ቆመ። ብሬከሩ እስከ ቀትር ንቅንቅ አላለም። ሽቦውም ደህና ነው።

ኤሌክትሪሻኑ እንዲፈታ ደወለች። ከዚያ ወደ አሮጊቷ የእህት ልጅ ዞረች።

«ከዚያ ሌሊት በፊት ብሬከሩ ወድቆ ያውቃል?»

«በጭራሽ።»

«ዘጠኝ የሚበላ ቢሆን በተተከለ ዕለት ይወድቅ ነበር። የብሬከሩ ሳጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

እጁ ሳያስበው ኪሱን ነካ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ማስታመም ሰለቸኝ። የአረጋውያን መኖሪያ ልውሰድሽ ስላት ‹ቤቴ ይሞቃል፣ የትም አልሄድም› አለች። አንድ ሌሊት ቢበርዳት ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ብሬከሩን አጠፋሁት። ጠዋት… ማሽኑ ላይ ዘጠኝ የሚለውን ሳይ በሰው ላላክክ አልኩ።»

«አልተጣራችም?»

«ተጣርታለች። ትንሽ ትቆይና አበራዋለሁ አልኩ።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«የእኔ ክፍል ሞቃት ነው» አለ ቀና ሳይል። «እንቅልፍ ወሰደኝ።»