የአምስተኛዋ ሚስት ሣጥን

«ተንበርከኪ እንጂ!» አለ ፈርገስ፣ የካርቶን መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ።

ሮዌና የተገለበጠውን የወተት ሣጥን አየችው። ነገ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ትርኢት፣ ወላጆች ፊት፣ ስድስቱ የጥንቱ የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ ሚስቶች ተራ በተራ ወጥተው ዕጣቸውን ይናገራሉ። አንዷ ተፈታች፣ አንዷ ተሰየፈች፣ አንዷ አራስ ቤት ሞተች። የሮዌና ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ አምስተኛዋ ነኝ፤ ንጉሡን ስላታለልኩ አንገቴን አጣሁ።» ከዚያ አንገቷን ሣጥኑ ላይ ታጋድማለች፤ ንጉሡ ፈርገስ ይቆርጣል፤ አዳራሹ ይስቃል።

«ሚስተር ፔልሃም፣» አለች ወደ ታሪክ አስተማሪያቸው ዞራ፣ «ልጅቷ እኮ ስትዳር አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። እሱ ሃምሳ ሊሞላው ነበር። ስሟን እንኳ አልናገርም?»

«አያቷን አገባች በይኛ!» አለች ሁለተኛዋን ሚስት የምትሠራው ዴልፊን። «ኧረ ይደብራል!»

«እግሩም ቁስል ነበረበት፤ ይሸት ነበር» አለች ሮዌና።

«እንደ ፈርገስ ካልሲ!»

«ንጉሥ ፊት አፍሽን ዝጊ!» አለ ፈርገስ።

ሚስተር ፔልሃም አጨበጨቡ። «በቃ! ሮዌና፣ የተጻፈውን በይ። ካልተመቸሽ ሌላ ሰው ይተካሻል።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ከኬክ ወረቀት የሠራችውን ክብ አንገትጌ በመርፌ ቁልፍ ታያይዝ ነበር። ነገሩን ስትሰማ ከሥራዋ ቀና አለች።

«ከአስተማሪ ጋር አትጋጪ፣ የኔ ልጅ። ቢቀየሙሽስ? ቢያባርሩሽስ? የታዘዝሽውን በይና ውረጂ።»

«እሷም የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፣ እማዬ። አግቢ ሲሏት አገባች። ልትሞት ስትል እንኳ አንገት የሚቆረጥበትን ግንድ ክፍሏ አስመጥታ አንገቷን ማጋደም ተለማመደች። እንዳትሳሳት ብላ።»

እናቷ ብድግ አለች። አንገትጌውን ለካችላት።

«ጠበቀሽ?»

«ትንሽ።»

እናቷ አንዱን መርፌ ቁልፍ ነቅላ አላላችላት።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። አራቱ ሚስቶች ወጥተው ተናገሩ፤ የዴልፊን አንገት ሲቆረጥ ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ቀጥሎ ሮዌና ወጣች። ሚስተር ፔልሃም ከመጋረጃው ጎን በጣታቸው ሣጥኑን አመለከቷት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ተንበርከኪ እንጂ!» አለ ፈርገስ በሹክሹክታ።

ሮዌና ሣጥኑን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ከመድረኩ ጫፍ አደረሰችው። ቀሚሷን ሰበሰበችና ተቀመጠችበት።

«አንተ ጠብቅ» አለችው ንጉሡን።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ካትሪን እባላለሁ» ብላ ጀመረች።