ያልተቀደደ ኮባ

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ መምህር ሽባባው፣ ብርድ ልብሱ ላይ ከተደረደሩት ዕቃዎች አንዱን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው።

«ገመድ ነው፣ መምህር» አለ አሚኑ።

«ገመድነቱንማ አየሁት። ናይለን አጣህ ወይ?»

ከወዲያ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። አሚኑ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «ቃጫ ነው። እናቴ ናት የገመደችው። ናይለን ሲረጥብ ቋጠሮው ይሟልጫል፤ ይሄ ሲረጥብ ይጠብቃል።»

መምህር ሽባባው «እህ» አሉና በደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጫሩ።

ቀጥሎ የፈቃደ ተራ ነበር። ፈቃደ ተረከዙን አጋጥሞ ቆመ። ዕቃዎቹን እንደ ቁመታቸው ነበር የደረደራቸው። የወታደር ሸራ፣ መጥረቢያ፣ ኮዳ፣ የቆርቆሮ ኩባያ፣ መጨረሻ ላይ ሰንጢው። ሰንጢውን የላከለት መቶ አለቃ የሆነው አጎቱ ነው። እጀታው የቀንድ ሲሆን በውስጡ አራት ነገር ይዟል፤ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ወስፌ፣ የጣት ቁመት ያላት መጋዝ። ፈቃደ ሦስት ወር ሙሉ ትራሱ ሥር አድርጎት ተኝቷል። ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ የትኛው እንደታጠፈ ከድምፁ ያውቃል።

«ይህ ዕቃ ይባላል!» አሉ መምህሩ። የፈቃደ ጆሮ ሞቀ።

ሦስተኛው የጓዱ አባል ሀያቱ ነበር። አባቱ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ሱቅ አላቸው። እሱ ያመጣው ባትሪ ሲሆን፣ ሁለቱን ድንጋዮች አውጥቶ አለት ላይ ፀሐይ እያሞቃቸው ነበር።

«ፀሐይ ካገኙ ዛሬ ማታ እንደ ጨረቃ ነው የሚያበሩት» አለ።

«ትናንት የሲጋራ ጫፍ ነበር የሚመስለው» አለ አሚኑ።

«አንተ ገመድህን ጠብቅ፣ አቦ!»

ስካውቶቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ በሦስት ጓድ የተከፈሉ። ከቡታጅራ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው በእግራቸው እስከ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ መጥተዋል። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ማታ ማታ አይቀርም። መምህር ሽባባው ፊሽካቸውን ነፉና ደንቡን ተናገሩ። እያንዳንዱ ጓድ ሳይመሽ መጠለያ ይሠራል። ከያዘው ዕቃ ሌላ አገሩ የሚሰጠውን መጠቀም ይችላል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ። ነገ ጠዋት ነጥብ ይደመራል። ያሸነፉት ሦስት ልጆች አዲስ አበባ ለሚደረገው የስካውቶች ስብሰባ ይሄዳሉ፤ አምስት ቀን ሙሉ።

«ጓዱ ቢያጠፋ የሚጠየቀው መሪው ነው» ብለው ፈቃደን አዩት። የጓዱ መሪ እሱ ነበር።

ሀያቱ አዲስ አበባን የፈለገው ባቡር ለማየት ነው። ፈቃደ ከሐረርና ከጎንደር ከሚመጡት ስካውቶች መካከል ቆሞ ሰንጢውን ማሳየት ያምረዋል። አሚኑ የሚፈልገውን አልተናገረም፤ ሁለቱም ግን ያውቃሉ። ታላቅ ወንድሙ ሰይዶ መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የፈቃደ ሸራ ጠባብ ነበር፤ ከሁለት ሰው በላይ አይሸፍንም። ስለዚህ ጣሪያው በእንሰት ቅጠል እንዲቀጠል ተስማሙ። ከሜዳው በላይ የእማማ ሳሌሃ ቤት አለ፤ ዙሪያው እንሰት ነው። አሚኑ ሄዶ ከአጥሩ ውጭ ቆመና ሰላምታ ሰጠ። ስሙንና የአባቱን ስም ተናገረ። ፈቃደ ከታች ሆኖ አየው፤ ሴትዮዋ ከጎጇቸው ወጥተው ሲያነጋግሩት ቆዩ።

«ቅጠል ውሰዱ ብለዋል» አለ አሚኑ ተመልሶ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ የሚናገረው ያለም አልመሰለው። አሚኑ እንሰት መካከል ነው ያደገው። የትኛው ቅጠል እንደሚቆረጥ ለሰው መንገር፣ ጨው ዓይን ውስጥ አይጨመርም ብሎ እንደ መንገር ነበር ለእሱ።

ሥራ ተከፋፈሉ። አሚኑ እንጨት ፍለጋ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ሀያቱ የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ፈቃደ ሰንጢውን ይዞ ወደ እማማ ሳሌሃ ጓሮ ወጣ።

በውጭ በኩል ያለው ቅጠል አልጣመውም። ነፋስ እንደ ማበጠሪያ ሸንትሮታል፤ ጫፉም ደርቋል። የፈቃደ እናት ወይዘሮ አዛለች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነውን ባላቸውን ተከትለው ከደብረ ማርቆስ የመጡ ናቸው። ለበዓል ዳቦ ሲጋግሩ ፈቃደን ኮባ ይልኩታል። «የተቀደደ እንዳታመጣ፣ ሊጡ ይፈስብኛል። ለስላሳውን ከውስጥ ምረጥ» ይሉታል ሁልጊዜ። ለእነሱ ቤት ኮባ ማለት ቅጠል ነው፤ ዳቦ ይጠቀለልበታል፣ ከዚያ ይጣላል። ልጃቸው የሚያመጣው ከማን ጓሮ፣ ከየትኛው እግር እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም።

ፈቃደም ከውስጥ መረጠ። መካከል ላይ ያሉት ገና ያልተፈቱ ነበሩ፤ እንደ ጧፍ ተጠቅልለው ቀጥ ብለዋል። ከሥር ለማግኘት የእንሰቱን ግንድ በመጋዟ ሰነጠቀው። ቀዝቃዛ ውሃ በእጁ አንጓ ላይ ወረደ። ቅጠሉን ሲስበው እንደ ጎራዴ ከሰገባው ወጣ፤ ሲፈታውም ወረቀት የመሰለ፣ አንድ ቦታ ያልተቀደደ ነበር። ደስ አለው። ሌላውን ሰነጠቀ። ከዚያ ሌላውን። ከሦስት እግር የወሰደው ለጣሪያው በቃ።

አሚኑ ከወንዝ ሲመለስ ደመናው ዘቢዳርን ሸፍኖት ነበር። እየተጣደፉ አጋም ላይ እንዳሉ ወፎች እየተንጫጩ እንጨቱን ተከሉ፣ በቃጫው አሰሩ። ፈቃደ የመጨረሻውን ቅጠል ሲያቀብለው አሚኑ እጁን ገታ። ቅጠሉን በጣቱ ዳሰሰው።

«ከየት ቆረጥከው?»

«ከውስጥ። ምነው? አያምርም?»

አሚኑ ቀና ብሎ ወደ ጓሮው አየ። ዝናቡ ጀመረ። «እሺ፣ እንሰረው» አለ።

በዚያ ዝናብ የሌሎቹ ሁለት ጓዶች ብርድ ልብስ ተነከረ። የእነሱ ጣሪያ አንዲት ጠብታ አላስገባም።

ጠዋት ገና ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ሳሉ እማማ ሳሌሃ ወረዱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ፈቃደ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ሴትዮዋ አላዩትም፤ ጣሪያውን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ወደ አሚኑ ዞረው በጉራጊኛ ተናገሩ። አልጮኹም። የሰው ስም እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ ነበር የሚናገሩት። አሚኑ መሬት መሬቱን እያየ ሰማቸው። ሲጨርሱ ተመልሰው ሄዱ።

«ምን አሉ?» አለ ፈቃደ።

«ዝናቡ እንዴት አሳደራችሁ ነው ያሉት።»

ፈቃደ አመነ። አሚኑ ውሃ ሊቀዳ ኮዳውን ይዞ እስኪሄድ ድረስ አመነ። ሀያቱ ብርድ ልብስ እያጠፈ ሳቅ አለ።

«አንተ ከልብህ ነው? ለዝናብ ይሄ ሁሉ ንግግር?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የእንሰቱን ልብ ቆርጠህባቸዋል። ግንዱ ተሰንጥቆ ዝናብ ገብቶበታል፤ ከእንግዲህ መበስበስ ነው። ሦስቱም። እንሰት እኮ ምግብ ነው፣ ፈቃደ! አራት ዓመት ያሳደጉት ነው።» ሀያቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹የአባትህን ስም ጠርተህ ነው ያስፈቀድከኝ፤ የሸረፋ ልጅ የእንሰት ልብ ይቆርጣል ወይ? በገበያ ቀን አባትህን እጠይቀዋለሁ› ነው ያሉት።»

ፈቃደ የያዘውን ቆሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አሚኑ ለምን ፈቃደ ነው የቆረጠው አላለም?»

«እኔ እንጃ። ብቻ አሁን አንተም ዝም በል። መምህር ነጥቡን ሊሰጡ ነው። ከዚያ በኋላ ከዚህ እንወርዳለን። አሚኑ እንደሆነ የአገሩ ልጅ ነው፤ አባቱ ይቅርታ ጠይቀው ያልቃል።»

ፈቃደ ወደ ወንዙ ሮጠ። አሚኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮዳው ሲሞላ ይጠብቃል።

«ዋሸኸኝ» አለው።

አሚኑ ኮዳውን ከውሃው አላወጣም። «ሀያቱ ምላሱ ረጅም ነው።»

«አባትህ ምን ያደርጉሃል?»

«ምንም። አይመቱኝም። ግን ከእንግዲህ የሰው አጥር ላይ ቆሜ ስማቸውን ስጠራ ማንም አያምነኝም።» ኮዳውን ከውሃው አወጣ። «ደግሞ ለአንተ ብዬ ብቻ እንዳይመስልህ። ብናገር ነጥባችን ይሰረዛል። ሰይዶን ማየት እፈልጋለሁ።»

ፈቃደ ኮዳውን ተቀበለው። አሚኑ ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ተያይዘው ወደ ሜዳው ወጡ።

መምህር ሽባባው ከሜዳው ዳር ጀምረው እየዞሩ ነበር። የመጀመሪያው ጓድ መጠለያ ዘሟል፤ አራት ነጥብ። ሁለተኛው ፈርሷል፤ ሁለት። ወደ እነሱ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ብርድ ልብሱን ዳሰሱ፣ ወጡ።

«ደረቅ!» አሉ። «ይህን የመሰለ ቅጠል ማን መረጠ?»

ሀያቱ የፈቃደን እግር ረገጠው።

«እኔ ነኝ» አለ ፈቃደ። «ግን መምረጥ አልነበረብኝም። የሦስት እንሰት ልብ ቆርጫለሁ። የእንሰቱ ባለቤት የፈቀዱት ሌላውን ቅጠል ነው። አሚኑ ወንዝ ነበር፣ ሀያቱም ቦይ እየቆፈረ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ።»

መምህሩ እርሳሳቸውን ከደብተሩ ላይ አነሡ። እሳቸውም የሰሜን ሰው ናቸው፤ ጣሪያውን እንደገና አዩት፣ አሁን የገባቸው ይመስል።

«ሴትዮዋ አውቀዋል?»

«አሚኑ የቆረጠው መስሏቸዋል። መምህር፣ ጓዱ ቢያጠፋ የሚጠየቀው መሪው ነው ብለዋል። የእነሱን ስም አይሰርዙ። የእኔን ይሰርዙት።»

መምህር ሽባባው ብዙ አሰቡ። «የማንን ስም እንደምጽፍ ትምህርት ቤት ስንደርስ እወስናለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ግን መጀመሪያ የሚያነጋግሩህ ሰው አሉ።»

ሲሄዱ ሀያቱ «በገዛ እጅህ!» ብሎ ምራቁን ተፋ። «ባቡሩን በሥዕል እናየዋለን በቃ።»

ፈቃደ ወደ አሚኑ ዞረ። «‹እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ አሚኑ አይደለም› በጉራጊኛ እንዴት ይባላል?»

አሚኑ ነገረው። ፈቃደ ደገመው። አሚኑ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከዚያ ግን አልቻለም፣ ሳቀ። ከማለዳ ጀምሮ የሳቀው ገና አሁን ነበር። «እንዲህ ካልክማ አሚኑን ነው የቆረጥከው። ቀስ በል። እንደገና።»

አራት ጊዜ አስደገመው። «ልምጣ?» አለ ከዚያ።

«አይ። አንተ ከመጣህ አንተን ነው የሚያዩት።»

ዳገቱን ሲወጣ ቃላቱን በየእርምጃው ይላቸው ነበር፣ እንዳይፈስሱበት። አጥሩ ጋ ሲደርስ አሚኑ እንዳደረገው ከውጭ ቆመ። እማማ ሳሌሃ በተሰነጠቁት እንሰቶች መካከል ጎንበስ ብለው በቢላዋ የላሸውን ይቆርጡ ነበር። ስሙን ተናገረ፣ የአባቱን ስም ተናገረ፣ ከዚያ ያጠናውን።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። የተናገረው ምን እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስል ቆዩ።

«ልጄ» አሉት፣ «አማርኛ እሰማለሁ።»

ፈቃደ ደነገጠ። በተማረው ቋንቋ አንድ ጊዜ ብሎ መገላገል ነበር ያሰበው። በራሱ ቋንቋ ሲሆን ግን ሁሉንም መናገር ሊኖርበት ነው፤ የእናቱን ዳቦ፣ የተቀደደውን ቅጠል፣ እንደ ጎራዴ ሲወጣ ደስ እንዳለው ጭምር። ተናገረ። እማማ ሳሌሃ ሳያቋርጡት ሰሙ።

«የሸረፋ ልጅ ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?»

«ለእኔ ብሎ... ለወንድሙም ብሎ ነው።»

«ሞኝ» አሉ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። በእግራቸው አንዱን ግንድ ገፋ አደረጉት። «ሳይበሰብስ መነቀል አለበት። ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል፤ አሚቾ ይሆናል። ያለ ጊዜው ነው፣ ግን ከሚጠፋ። መንቀል ደግሞ የወንድ ሥራ ነው፤ ባሌ ወደ እንሴኖ ከተማ ሄዷል፣ ነገ ነው የሚመጣው።»

ከሜዳው የመምህር ሽባባው ፊሽካ ተሰማ። ልጆቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ሲሰለፉ ይታያል። ቡታጅራ ሩቅ ነው፤ እዚህ ቆይቶ ብቻውን ከሄደ ሳይመሽ ለመድረስ መሮጥ ይኖርበታል።

ፊሽካው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ፈቃደ ወደ ሜዳው ዞሮ እጁን ለአሚኑ አወዛወዘ፤ ሂዱ የሚል ነበር። ከዚያ የስካውት ሸሚዙን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ወደ ጓሮው ገብቶ ጎጆው ግድግዳ ላይ የተደገፈውን መቆፈሪያ አነሣ። ካሰበው በላይ ከባድ ነበር።

«ከየትኛው ልጀምር?» አለ።