የግራናዋ መናኝ መኪና

የካቲት ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወልድያ ከጦርነቱ ቁስል ገና አላገገመችም ነበር፤ የብዙ መሥሪያ ቤት መስኮት በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከመዛግብቱ ብዙው ተቃጥሏል፤ ከተማይቱን የከበቧት ተራሮች ግን የበልግ ካፊያ ጠግበው አረንጓዴ መልበስ ጀምረዋል። በዚያ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ደጃፍ አንዲት አዲስ መኪና ቆማ ሕዝቡ እየዞረ ያያት ነበር።

መኪናይቱን ያመጣት በአዲስ አበባ መኪና እየገጣጠመ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቅዱስ፣ በጦርነቱ ለተጎዱ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኞች በረጅም ጊዜ ክፍያ መኪና ለመሸጥ አስቦ ነበር የመጣው። ከጎኑ የኩባንያው መሐንዲስ ወይዘሪት መቅደላ እርሳስና ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። አቶ ቅዱስ የቆዳውን መቀመጫ፣ እንደ ቴሌቪዥን የሚበራውን ሰሌዳ፣ በክረምት የሚሞቀውን ወንበር አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ በመጨረሻ ዋጋውን ሲናገር ግን አዳራሹ አጉረመረመ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ሲስተር ደብሪቱ ትባላለች፤ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ልጅ፣ በሀብሩ ወረዳ በግራና ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ጦር ሲገባ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ከነበረበት ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደብሪቱ ምጥ የጠናባቸውን ዐሥራ ሰባት እናቶች በቃሬዛ አስይዛ ሸኝታለች፤ ዐሥራ ስድስቱ ደርሰዋል። መንገዱ ሲከፈት ከመምህራንና ከእርሻ ባለሙያዎች ጋር ማኅበር አቋቁማ፣ በጋራ አንዲት መኪና ለመግዛት ተነሥታ ነበር የመጣችው።

«ጌታዬ፣ መኪናዎ ታምራለች» አለች። «ግን ጥቂት ዕቃ ላስወርድዎት?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይኼ የሚበራው ሰሌዳ ቢነሣ ዋጋዋ ይቀንሳል?»

አቶ ቅዱስ ወደ መሐንዲሷ ዞር አለ፤ መቅደላም እርሳሷን አንሥታ ጻፈች። «ይቀንሳል» አለች።

«እንግዲያው አንሡልኝ። የቆዳውንም መቀመጫ ውኃ በማያሳልፍ ሸራ ለውጡልኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታበት የሚታጠብ ይሁን። መስኮቱንም በእጄ አዙሬ እከፍተዋለሁ።»

«የሚሞቀውስ ወንበር?» ብሎ ጮኸ የመርሳው ሾፌር ጋሼ ማሩ፤ አምቡላንስ ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። «መርሳ ላይ ማን በርዶት ነው? ይውረድ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ። አንዱ የሚያብረቀርቀውን ጎማ መያዣ፣ ሌላው በጣሪያው ላይ ያለውን መስታወት እያስወረደ፣ የመቅደላ እርሳስ ሲሮጥ ቆየ። አቶ ቅዱስ ግን አልሳቀም፤ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኛቸው።

«እኅቴ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ መኪና ሲገዛ ክብርም አብሮ ይገዛል። ባዶ ቆርቆሮ ባመጣላችሁ፣ ነገ ‹ድሆች ናቸው ብሎ ናቀን› ትሉኛላችሁ።»

ይህ ቃል ብዙዎቹን ነካቸው፤ እውነት ነበረበትና። ደብሪቱም መለሰች፤

«ክብር ያሉት ልክ ነው። እኔ በቃሬዛ የሸኘኋት አንዲት እናት፣ ሰዎቹ በተፈራረቁ ቁጥር ‹አስቸገርኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ› ትል ነበር፤ በጭንቋ መሐል ይቅርታ ትለምን ነበር። ለእሷ ክብር ማለት በወንበር ተቀምጦ መድረስ ነው። አሮጌ ግዙም እንዳይሉን፤ አሮጌ መኪና እኛ ዘንድ የሚደርሰው የሦስት ባለቤት በሽታ ይዞ ነው። አዲስ እንፈልጋለን፤ አዲስና ቀላል። ሞተሯ ጤነኛ፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ማንም የሰፈር መካኒክ የሚፈታት ትሁን። ፍሬኗንና ቀበቶዋን ግን እንዳይነኩብኝ!»

ያን ጊዜ ወይዘሪት መቅደላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ይቻላል» አለች፤ «ዋጋዋም ወደ ግማሽ ይጠጋል።»

«ይቻላል?» አለ አቶ ቅዱስ ደንግጦ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ንድፉን ካቻምና አቅርቤልዎት ነበር፤ ‹ማን ይገዛዋል?› ብለው መለሱልኝ።»

አዳራሹ ዳግመኛ በሳቅ ተሞላ፤ አቶ ቅዱስም ምስጋና ይግባውና፣ በዚህኛው ጊዜ ከሕዝቡ እኩል ሳቀ። ከአዳራሹ ከመውጣቱም በፊት አንዲት መኪና እንደተባለችው አሠርቶ፣ ለስድስት ወር በሙከራ ወደ ግራና ሊልክ ቃል ገባ፤ ሰዉ ካማረረባት ተመልሳ ትሄዳለች፤ ከወደዳት ኩባንያው ብዙ ይሠራል።

ግንቦት ሲገባ መኪናይቱ መጣች፤ ነጭ፣ ያለ አንዳች ጌጥ፣ ከወንበርና ከመሪ በቀር የሚታይባት ነገር የለም። ሊነዳት የተመረጠው ጋሼ ማሩ ዞሮ ዞሮ አያትና «ይቺማ ዓለምን ንቃ የመነነች ናት» አለ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ መናኟ ሆኖ ቀረ። የግራናው ሽማግሌ ሼህ እንድሪስም እጃቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ አድርገው፣ አላህ በመንገዷ ሁሉ በረካ እንዲያደርግባት ዱዓ አደረጉላት። መናኟ በሳምንቱ ቀናት ወላድ ስታመላልስ፣ በትርፍ ጊዜዋ የመምህራኑን መጻሕፍትና ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚመጣውን የተሻሻለ ዘር ትጭን ነበር፤ አንድ ቀን የነዳጅ መስጫዋ ገመድ ቢበጠስ፣ ጋሼ ማሩ በብስክሌት ፍሬን ገመድ ተክቶ ሰዓት ሳይሞላ አስነሣት።

ነሐሴ ዐሥራ ስምንት ቀን ጦርነቱ ዳግመኛ አገረሸ። የመንግሥት ጦር ቆቦን ለቆ ወጣ በተባለ ማግስት፣ የወልድያ ሕዝብ ያለውን ተሸክሞ ወደ ደቡብ ይጎርፍ ጀመር፤ የመርሳ አስፋልት በሰው ሞላ። በዚያው ጠዋት የደብሪቱ ስልክ ጮኸ፤ ወይዘሪት መቅደላ ነበረች።

«ሲስተር፣ መኪናዋ በሚመጣው ጦር እጅ እንዳትወድቅ ዛሬውኑ ወደ ደሴ ትውጣ ብሎ ኩባንያው አዟል።»

«ኧረ የሼህ እንድሪስ ምራት ሀፍሳ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት! ሕፃኑ አግድም ተኝቷል፤ መርሳ ሆስፒታል ካልደረሰች በቀዶ የሚያወጣላት የለም።»

«እኔ ትእዛዙን አድርሻለሁ» አለች መቅደላ ቀስ ብላ፤ «በማን ቤት በኩል ዞራ እንደምትሄድ ግን አልተጻፈበትም።»

ሀፍሳን ከነሸማዋ በኋለኛው ወንበር አስተኟት፤ ሼህ እንድሪስ ከፊት ተቀመጡ፤ ደብሪቱ ከወላዷ እግር ሥር ተንበረከከች። ዝናቡ መንገዱን አላቁጦታል፤ ጋሼ ማሩ መሪውን ጨብጦ ያቃስታል።

«ልጄ፣ ቀስ ልበል ወይስ ልፍጠን?» ብሎ ጠየቀ።

«ቀስ ካሉ ልቤ ይፈርሳል፤ ከፈጠኑ ወገቤ ይቆረጣል» አለች ሀፍሳ ጥርሷን ነክሳ። «አንቱ እንዳሻዎ ያድርጉ፤ ብቻ አይቁሙ!»

«አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉ ሼሁ፤ ሊስቁም ሊያለቅሱም አማራቸው።

አስፋልቱ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ቆሙ። ከመንገዱ ዳር ያለችው ጅረት ሞልታ ድንጋዩን ጠርጋዋለች፤ የመናኟ የፊት ጎማዎች በጭቃው ተቀበሩ። ጋሼ ማሩ ቢያስነሣት ጎማው ይዞራል እንጂ ፈቀቅ አትልም። ደብሪቱ ወርዳ ጭቃውን እየረገጠች ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ በዚያ ለሚያልፈው የወልድያ ስደተኛ እጇን ዘርግታ ጮኸች።

«ወገኖቼ፣ ወላድ ይዘናል! እጃችሁን!»

እነዚያ ሰዎች ከኋላቸው ጦርነት፣ ከፊታቸው የማያውቁት አገር ነበረባቸው፤ ማንም ባይቆም ማንም ባልፈረደባቸው። ነገር ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጻሕፍት የሞላበትን ሻንጣውን ዳር አስቀምጦ ወረደ፤ አንድ ቄስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሉት፤ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት ሳትቀር ጭቃው ውስጥ ገቡ።

«መኪና እንዲህ በእጅ ይነሣል እንዴ?» አለ መምህሩ ተጠራጥሮ።

«ይቺ ምንም የላትም፤ ትነሣለች!» ሲል ጮኸ ጋሼ ማሩ።

እውነትም ተነሣች። ወላዷንና ሼሁን እንደያዘች ብድግ አድርገው በደረቁ መሬት ላይ አኖሯት፤ በጭቃ የተለወሱት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ከት ብለው ሳቁ። ቄሱ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ» አሏት፤ ሀፍሳም «አሚን አባባ» አለች። ሕዝቡ መንገድ እየከፈተ አሳለፋቸው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መርሳ ሆስፒታል ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች። ደብሪቱ ሕፃኗን ታቅፋ ስትወጣ፣ ሼህ እንድሪስ በጭቃማ ጫማቸው ቆመው ነበር።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አሉ እንባቸው ጺማቸውን እያራሰው። «ነጃት እንበላት፤ ድነናልና።»

ጋሼ ማሩ ግን ከደስታው ብዛት በግቢው ውስጥ እስክስታ ወረደ፤ የጥበቃ ሠራተኛውም አጨበጨበለት። መናኟም በማግስቱ እናትና ልጅን ይዛ ወደ ደሴ ወጣች፤ ትእዛዙም እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በኅዳር አቶ ቅዱስና መቅደላ ራሳቸው ግራና ድረስ መጡ። አቶ ቅዱስ በሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ፣ «ከመኪናዋ ምን ጎደለ?» ብሎ ጠየቀ፤ ማስታወሻውን ከፍቶ ረጅም ዝርዝር ጠበቀ።

«ጥሩምባዋ ደካማ ነው» አሉ ሼህ እንድሪስ። «የእኛ በሬ አይሰማትም።»

«ሌላስ?»

ደብሪቱ ጥቂት አሰበችና፣ ወላዷ ጨብጣ የምትይዘው አንድ እጀታ በኋለኛው ወንበር በላይ እንዲጨመር ጠየቀች። አቶ ቅዱስ ሌላ እንዲነገረው ቢጠብቅም የተናገረ የለም። ማስታወሻውን ዘግቶ ወደ መሐንዲሷ ዞረ።

«ንድፉን አሁንም አለሽ?»

«ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም» አለች መቅደላ።

በዚያ ዓመት ስልሳ ተሠሩ፤ በተከታዩም ከዚያ የበለጡ። መምህራን፣ ነርሶችና የገበሬ ማኅበራት አዲስ መኪና የራሳቸው ሆኖ አዩ፤ በየከተማው የተለያየ ስም አወጡላት።

የዚያ ጦርነት ጸሐፊዎች ስለ ነሐሴ ወር ሲጽፉ፣ የትኛው ጦር በየት በኩል እንደገፋና የትኛዋ ከተማ በማን እጅ እንደገባች በትጋት መዝግበዋል፤ ይህም የሚገባ ሥራ ነው። ደብሪቱ ግን መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ወልድያ በሄደች ቁጥር፣ በዚያች ጅረት ዳር ጭቃው ውስጥ የገቡትን ሰዎች ስታጠያይቅ ኖራለች። መምህሩን አንድ ጊዜ ያገኘችው መስሏት ተከትላው ነበር፤ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት ስማቸውን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም፤ እነርሱም ሻንጣቸውን አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።