ዳማ፣ ተነሺ!

ዳማ መኪና ናት። ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ስለሆነ ስሟም ዳማ ሆነ።

ድሮ ዳማን የሚነዷት የትንሿ ሩሃማ አያት፣ እማማ ተዋቡ ነበሩ። ዳማ የደሴን ዳገት «ዱግ ዱግ ዱግ!» እያለች ስትወጣ ፍየሎች እንኳ መንገድ ይለቁላት ነበር።

ከዚያ ዳማ ቆመች። ግቢው ውስጥ፣ ከኮክ ዛፉ ሥር፣ ብዙ ዓመት ቆመች። ሩሃማ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ!

ጎማዋን ሣር ሸፈነው። መስታወቷ ላይ ሸረሪት ድር አደራ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ ተደላድላ ተቀመጠች።

ሩሃማ ግን ዳማን በጣም ትወዳታለች። በየቀኑ መሪዋን ይዛ «ዱግ ዱግ ዱግ!» እያለች ትነዳታለች። በአፏ ነዋ! ዳማ እንደሆነች ንቅንቅ አትልም።

አንድ እሁድ ጠዋት የሩሃማ አባት፣ «ነገ አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ይመጣል፤ ዳማን ቆራርጦ ይወስዳታል» አለ።

ሩሃማ ክው አለች። «ዳማ አሮጌ ብረት አይደለችም! ዳማ ዳማ ናት!»

«የማትሄድ መኪና ምን ትሠራልናለች፣ ልጄ? ብትሄድማ ማን ይሰጣት ነበር!» አለ አባቷ።

ሩሃማ ወደ አያቷ በረረች። «እማማ! እማማ! ዳማ ከሄደች አትወሰድም!»

እማማ ተዋቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። «እንድትሄድ እናደርጋታለና! እኔ ተዋቡ እያለሁ ዳማን ማን ነክቶ!»

መጀመሪያ ዶሮዋን አነጋገሩ። «ይቅርታ እመቤት፣ ይሄ የእኔ ወንበር ነው።»

«ቋቅ! ቋቅ! ቋቅ!» አለች ዶሮዋ። ተቆጥታ ወረደች።

ሩሃማ የሸረሪቱን ድር ጠረገች። እማማ ተዋቡ ያረጀውን ናፍጣ ቀድተው አወጡና አዲስ ናፍጣ ሞሉ። ናፍጣ የዳማ ምግብ ነው።

አባቷ ጎማዎቿን ነፋ። «ፍሽ! ፍሽ! ፍሽ!» ጎረቤታቸው ጋሽ ሰይድ ደግሞ የራሳቸውን መኪና ባትሪ ፈትተው አመጡላት።

እማማ ቁልፉን አዞሩ። ሩሃማ ደግሞ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። «ዳማ፣ ዳማ፣ ተነሺ! ተነሺና እንሂድ!»

«ክርርር... ክርርር...» ጭጭ።

«ግዴለም፣ ትገፋ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። በዚያ ሰፈር መኪና እምቢ ካለች መድኃኒቷ አንድ ነው። መግፋት!

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ኳስ ተጫዋቾቹ ኳሳቸውን ጥለው መጡ። እትዬ ዙፋን ፀጉራቸውን ግማሹን ተሠርተው፣ ግማሹ እንደቆመ መጡ።

«አንድ! ሁለት! ሆ!» ዳማ መሪዋን የያዙትን እማማን ይዛ ከግቢው ወጣች። ቁልቁለቱን ተንደረደረች።

«ዳማ፣ ዳማ፣ ተነሺ! ተነሺና እንሂድ!»

«ግጭ... ግጭ... ግጭ...» ጭጭ።

እንደገና ገፏት። «አንድ! ሁለት! ሆ!» እንደገና ተንደረደረች። እንደገና... ጭጭ።

ሁሉም መንገድ ዳር ዘርፈጥ ብለው ቁና ቁና ተነፈሱ። አባቷ ላቡን ጠረገ። «በቃ፣ ሩሃሚዬ። ሞከርን እኮ።»

ሩሃማ እንባዋ መጣ። ከፊታቸው የቀረችው አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው።

እማማ ተዋቡ የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ሩሃማ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ አየች።

ናፍጣው የሚያልፍባት ቀጭን ቱቦ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቡልቅ! አረፋ ነው። ቡልቅ! ሌላ አረፋ።

ሩሃማ ታናሽ ወንድሟ ያፌት ትዝ አላት። ያፌት ወተት ጠጥቶ ካላገሳ ሆዱን ይነፋዋል፤ ያለቅሳልም።

«እማማ! ዳማን ሆዷን ነፍቷታል!»

«ምን አልሽ?» እማማ ተዋቡ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ውይ! ናፍጣ አጉርሻት ሳላስገሳት! ቱቦዋ ውስጥ አየር ገብቷል እኮ! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ማለት ይሄ ነው።»

«መኪና ታገሳለች እንዴ?» አለች ሩሃማ።

«ታገሳለች እንጂ! ነይ፣ አንቺው ታስገሻታለሽ።»

እማማ አንዲት ትንሽ ብሎን ላላ አደረጉ። ሩሃማ ናፍጣ የምትገፋዋን የእጅ ፓምፕ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ።

«ፕስስስ!» አለች ዳማ። አረፋው በብሎኗ በኩል ወጣ።

ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ። ጣቷ ደከማት። በሌላው ጣቷ ቀጠለች።

አረፋው አነሰ። አሁንም አነሰ። ከዚያ ዳማ «ግስስስ!» አለችና ጥርት ያለ ናፍጣ ብቻ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«አገሳች!» አለች ሩሃማ። እማማ ተዋቡ ብሎኗን ጥርቅም አድርገው አጠበቁና ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

ሩሃማ መንገድ ዳር ወደተቀመጡት ሰዎች ሮጠች። «አንድ ጊዜ ብቻ! እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ግፉልኝ!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ሰይድ ወገባቸውን ደግፈው ብድግ አሉ። «ሩሃማ ካለችማ እንገፋለን!»

እትዬ ዙፋንም ተነሡ። ኳስ ተጫዋቾቹም ተነሡ። አባቷ እጅጌውን ሰበሰበ።

«አንድ! ሁለት! ሆ!»

ዳማ በመጨረሻዋ ቁልቁለት ላይ ተንደረደረች። አሁን የሚጮኸው ሰፈሩ ሁሉ ነው።

«ዳማ፣ ዳማ፣ ተነሺ! ተነሺና እንሂድ!»

«ግጭ... ግጭ... ዱግ።»

ሁሉም ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ዱግ... ዱግ...» ጥቁር ጭስ ቡን! አለ። እትዬ ዙፋን «ሃፕሺ!» ብለው አስነጠሱ።

«ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ!»

ዳማ ተነሳች! «እልልልልል!» አሉ እትዬ ዙፋን። አባቷ ሩሃማን አንሥቶ ወደ ላይ ወረወራትና ቀለባት።

እማማ ተዋቡ በመስኮት ብቅ አሉ። ፊታቸው ጥላሸት በጥላሸት ሆኗል፤ ጥርሳቸው ግን አንድም ሳይቀር ይታያል። «የገፋ ሁሉ ይግባ! ዛሬ ዳማ ናት የምትሸከማችሁ!»

ተጠጋጉ፣ ተደራረቡ፣ ገቡ። ሩሃማ አባቷ ጭን ላይ ተቀመጠች። ዳማም «ዱግ ዱግ ዱግ» እያለች ዳገቱን ወጣችው። አሁን ሩሃማ በአፏ መንዳት አላስፈለጋትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ደረሱ። ሩሃማ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር። አልጋዋ ላይ አስተኛት፤ ጋቢም አለበሳት።

ከዚያ ቀስ ብሎ እናቱን ጠየቃቸው። «እማዬ፣ ነገ ያ ሰውዬ ዳማን ሊወስድ ሲመጣ ምን ልበለው?»

እማማ ተዋቡ ትንሽ አሰቡ። «ግባ፣ ዳማ እስከ ቤትህ ትሸኝሃለች በለው።»

ሩሃማ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። ከዚያ የእውነት እንቅልፍ ወሰዳት።