የዳማን ባትሪ ማን ጨረሰው?

ማዕዶት ስድስት ዓመቷ ነው። አዳማ ከተማ ውስጥ ከእማዬና ከአባዬ ጋር ትኖራለች።

እነ ማዕዶት አንዲት አሮጌ መኪና አለቻቸው። ቀለሟ ቀላ ያለ ቡናማ፣ የዳማ ፈረስ ቀለም ስለሆነ ስሟን ዳማ ብለዋታል።

ዳማ ግቢ ውስጥ ስትቆም ማዕዶት ሹፌር ትሆናለች። መሪውን ይዛ «ብርርርር! ጲጵ! ጲጵ!» ትላለች።

ሐሙስ ጠዋት አባዬ ማዕዶትን ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ቁልፉን አዞረ።

«ጠቅ!» አለች ዳማ። ከዚያ ዝም።

አባዬ እንደገና አዞረ። «ጠቅ! ጠቅ!» አሁንም ዝም።

አባዬ ግንባሩን ቋጠረ። ዞር ብሎም ማዕዶትን አያት።

«ትናንት ስትጫወቺ መብራት አብርተሽ ትተሻል። ባትሪውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ» አላት።

«እኔ አይደለሁም» አለች ማዕዶት።

«ታዲያ ማን ነው? እኔ ነኝ?» አለ አባዬ።

ዳማ አልነሳም ስትል ሰፈሩ ይነሳል። ጋሽ በድሩ ሱቃቸውን ትተው መጡ። ጎረቤታቸው እትዬ ፀዳለ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እማዬም ሊጥ በእጇ ላይ እንዳለ መጣች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፉ!»

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፉ!»

ዳማ «ድፍ... ድፍ... ድርርርር!» ብላ ተነሳች።

«ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁ ጋሽ በድሩ፣ እያለከለኩ።

«ማዕዶት ናት። መብራት አብርታ ትታባት ነው» አለ አባዬ።

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ፀዳለ የማዕዶትን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርገው «አይ አንቺ!» አሏት።

ማዕዶት አልሳቀችም። ፊቷ ጋለ። ያላደረጉትን አድርገሃል መባል እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

«እኔ አይደለሁም» አለች። ሞተሩ ስለሚጮህ ማንም አልሰማትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማዕዶት ሹፌር አልሆነችም። ዳማ አጠገብ እንኳን አልደረሰችም።

ዓርብ ጠዋት አባዬ ቁልፉን አዞረ።

«ጠቅ!»

«እኔ አይደለሁም» አለች ማዕዶት ወዲያው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፉ!» አለ ሰፈሩ። ጋሽ በድሩ እየገፉ፣ በመስኮቱ በኩል «ዛሬም አበራሽባት እንዴ?» ብለው ሳቁባት።

ማዕዶት በጣም፣ በጣም ተናደደች። በጫማዋ የዳማን ወለል መታች። «ጧ! ጧ! ጧ!»

ማታ ከእራት በፊት ማዕዶት የዳማን ቁልፍ ይዛ ወደ እማዬ ሄደች።

«እማዬ፣ መብራቷ መጥፋቱን እዪና ዳማን ቆልፊያት። ቁልፉንም ደብቂው። እኔም አልየው፣ አባዬም አይየው» አለቻት።

እማዬ ዳማን ዞራ አየቻት፤ አንድም መብራት አልበራም። ቆለፈቻትና ቁልፉን የሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ደበቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ቁልፍ አዞረ።

«ጠቅ!»

«አየህ?» አለች እማዬ። አሁን እሷም ተናዳለች። «መብራቷ ጠፍቶ ነው ያደረው፤ ማንም አልነካትም። ልጄን ተዋት።»

አባዬ ጆሮውን አከከ። «እንግዲህ... ያኔ የጨረሰችው እስካሁን አልሞላ ይሆናላ» አለ።

ኧረ አባዬ! እዚህ ጋ ይህን የምተርክላችሁ እኔም ተናድጃለሁ።

«እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች ማዕዶት። «ካላመንከኝ ዳማን ለሚያውቅ ሰው አሳያት!»

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፉ!» ዳማ ተነሳች። አባዬና ማዕዶት ጋሽ ሽኩር ጋራዥ ደረሱ።

ጋሽ ሽኩር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ናቸው። ጣቶቻቸው ከግሪስ ብዛት ጠቁረዋል።

«ምን ሆነች?» አሉ።

አባዬ አፉን ሳይከፍት ማዕዶት ቀደመችው። «ባትሪዋ እያለቀ ነው። እኔ ግን አይደለሁም» አለች።

ጋሽ ሽኩር አልሳቁም። «እሺ፣ እንያታ» አሉ።

የዳማን ኮፈን ከፍ አደረጉ። ሁለት ሽቦ ያለው መለኪያ አመጡና ቀዩን ሽቦ እዚህ፣ ጥቁሩን እዚያ፣ ባትሪው ላይ አስነኩ።

«ቁጥር ታነቢያለሽ?» አሏት።

«እስከ መቶ» አለች ማዕዶት።

«ስንት ይላል?»

«አሥራ አንድ።»

«ጎበዝ። ሞተሯ ጮክ ሲል አሥራ አራት መግባት አለበት። ጌትነት፣ ነዳጅ ስጣት» አሉ አባዬን።

አባዬ ረገጠ። ዳማ «እንንንንን!» አለች።

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

«ጨምር!» አባዬ ጨመረ። «እንንንንንንንንን!»

«ስንት?»

«አሥራ አንድ» አለች ማዕዶት።

ጋሽ ሽኩር ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ጫን አድርገው አዩት። ደህና ነው። ሽቦውን ነካ ነካ አደረጉት። እሱም ደህና ነው። ከዚያ በቺንጋው የሚሽከረከር አንድ ክብ ብረት አሳዩአት።

«ይሄ ዲናሞ ይባላል። ባትሪውን ጀሪካን በይው፣ ዲናሞው ቧንቧው ነው። ሞተሩ ሲዞር ቧንቧው ጀሪካኑን ይሞላል። የዳማ ቧንቧ ግን ተዘግቷል» አሉ።

ማዕዶት አሰበች። «ልጅ መብራት አብርቶ ቢሆንስ?»

«ያኔማ መኪናዋ ስትሄድ ውላ ትሞላው ነበር። ይሄ የዲናሞው ጥፋት ነው። የአንቺ አይደለም።»

የአንቺ አይደለም። ማዕዶት ይህን ለመስማት ሦስት ቀን ጠብቃለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው የንዴት ነበር።

«የሚገርመኝ ግን» አሉ ጋሽ ሽኩር ወደ መሪው እያጎነበሱ፣ «ዲናሞ ሲበላሽ አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። እዚህ የታለች?»

የመብራቷ ቦታ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ጋሽ ሽኩር ጫፉን ያዙና «ጭርርጥ!» አድርገው ላጡት።

ከሥሩ ትንሽዬ ቀይ መብራት ቦግ ብላለች። የባትሪ ሥዕል አለባት።

«ይሄን ማን ለጠፈው?»

አባዬ ጫማውን አየ። ማዕዶት ደግሞ አባዬን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ በቀስታ። «ዝም ብላ ስትበራ ዓይኔን ወጋችኝና...»

«እሷ ስትነግርህ ከረመች፣ አንተ አፏን ለጎምክ» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ዲናሞውን ፈቱት። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች አልቀው አልቀው ጥፍር አክለዋል። አዲስ አስገቡለት፤ ባትሪውንም ሞሉት።

አባዬ ቁልፉን አዞረ። «ድርርርር!» ማንም አልገፋም።

«ስንት?»

«አሥራ አራት» አለች ማዕዶት። ፊቷ ግን አልተፈታም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እጆቿን አጣምራ ኋላ ተቀመጠች።

«ማዕዶትዬ» አለ አባዬ። «ይቅርታ። አንቺ አልነበርሽም።»

«እኔማ ድሮም አውቃለሁ» አለች ማዕዶት። «ለእነ ጋሽ በድሩ ንገራቸው።»

አባዬ መሪውን ወደ ሱቁ አዞረ። ለትልቅ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ቢከብድም ይገባዋል።

ሱቁ በር ላይ ዳማን አቆማት። ጋሽ በድሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊገፉ መጡ። እትዬ ፀዳለም መጡ።

አባዬ ወረደ። «ዛሬ የሚገፋ የለም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «ማዕዶት ባትሪ አልጨረሰችም። ዲናሞው ተበላሽቶ ነው፤ የምታስጠነቅቀውን ቀይ መብራት የሸፈንኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ልጄን ያለ ጥፋቷ ነው የወቀስኳት።»

ጋሽ በድሩ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መለሱ። «እኔም ስቄብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሏት።

እትዬ ፀዳለም «እኔንም፣ ልጄ» አሉ።

ማዕዶት «እሺ» አለች።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ አባዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አሁንም ተናደሻል?» አላት።

«ትንሽ ቀርቶኛል» አለች ማዕዶት።

«ምን ያህል?»

በሁለት ጣቶቿ አሳየችው። ምስር የምታህል ንዴት ቀርታለች።

«እስክታልቅ እጠብቃለሁ» አለ አባዬ። እዚያው ቁጭ አለ።

ማዕዶት አየችው። ብዙ ቆየ፤ ግን አልሄደም።

ከዚያ ማዕዶት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።