ከግድግዳው ያልወረደ ወረቀት

መምህር ወንዳፈረው ማክሰኞ ጠዋት በቀበሌው ንባብ ቤት ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት የበር መወርወሪያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። የሙጫው ድስት ተገልብጦ ወለሉን ነጭ አድርጎታል። ኮት ኪሱ ውስጥ በተንጋደደ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ነበር፦ «ወንዳፈረው፣ ቀንህ ደርሷል። አብዮቱም አያድንህ።»

የሆሳዕና ከተማ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባትም። ከሟቹ ጋር በአደባባይ የተጣላው መምህር ማቴዎስ ነው፤ ስለዚህ ገዳዩም እሱ ነው ተባለ። ከቀትር በፊት ታሰረ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እስረኛ የሚወስደው የጭነት መኪና ይመጣል፤ በዚያ መኪና የሄደ ሰው ወሬው እንኳ አይመለስም።

ምርመራው የተሰጠው የሞርሲቶ ተወላጅ ለሆነው ለመቶ አለቃ ጠና ነው። ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲጠይቅ የሚያወራ፣ ሲያወራ የሚጠይቅ ይመስላል። መጀመሪያ ያነጋገረው ሬሳውን ያገኘችውን የንባብ ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ ገነቴን ነው። ገነቴ የማቴዎስ ታላቅ እህት ናት። ባሏን አክሊሉን አምና በአንድ ወረቀት ሰበብ ያው መኪና ወስዶባታል። አሁን ደግሞ ወንድሟን ሊወስድባት ሁለት ቀን ቀርቶታል።

በንባብ ቤቱ ስላለው የግድግዳ ጋዜጣ ጠየቃት፤ እሷም እያለቀሰች ነገረችው። ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ወዲህ ማንም ሰው ሐሳቡን ጽፎ ይሰጣታል፤ እሷ ትለጥፈዋለች። ግድግዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ምስማር አይቀበልም፤ ስለዚህ የእንሰት ዱቄት የሆነውን ቡላ አፍልታ በዚያ ትለጥፋለች። ሰው ፊት ለፊት የማይደፍረውን ለግድግዳ ይናገራልና ስድቡ ብዙ ነበር። የግድግዳው ጠባቂ የነበረው ወንዳፈረው ግን ደንብ ነበረው። ስድብ ከሆነ ገንጥሎ ለጻፈው ሰው በእጁ ይመልሳል። ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ለቀበሌው ያመለክታል፤ ያውም ጻፊውን አስቀድሞ ጠርቶ፣ አንድ ቀን ሰጥቶ ነው።

«አስቀድሞ ይነግረዋል?» አለ ጠና።

«ይነግረዋል፣ ጌታዬ። ሰው ሳይሰማ አይከሰስም ይል ነበር። ሰኞም፣ ‹ነገ ለአውራጃው የማመለክተው አለኝ፤ ዛሬ ሰውየውን እነግረዋለሁ› አለኝ። ለማታ ሙጫውን አፍልቼ ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ጠና «ለአውራጃው» የሚለውን ማስታወሻው ላይ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

ማቴዎስ በእስር ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ስለ ጠቡ ሲጠየቅ አልካደም። ወንዳፈረው በአማርኛ አነጋገሩ ስለሳቀበት፣ «አማርኛ ስለቻለ ሁሉን የቻለ ይመስለዋል» ብሎ ጽፎ አስለጥፎ ነበር። ወንዳፈረው ቅዳሜ ወረቀቱን ገንጥሎ አመጣለትና ይቅርታ ጠየቀው። ወረቀቱ ቤቱ ባለው መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ እንዳለም ተናገረ።

ጠና ሄዶ አገኘው። የወረቀቱ ጀርባ በደረቀ ቡላ ሻክሯል፤ ሲገነጠል የተላጠው ቦታም ይታያል።

ሦስተኛ ያነጋገረው የቀበሌውን ጸሐፊ ጓድ ሰይፈሥላሴን ነበር። የግድግዳ ጋዜጣው ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው፤ የማመልከቻ ወረቀት ሁሉ የሚደርሰውም ለእሱ ነው። በንቃቱ ከአውራጃው ሁለት ጊዜ ተመስግኗል፤ ለበለጠ ሹመትም ይጠበቃል። ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የተለካ ነው። ጫማው ግን በስፌቱ ላይ ነጭ ነገር ይዟል።

«ያቺን የዛቻ ወረቀት ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ላይ በዓይኔ አንብቤአታለሁ» አለ። «ቶሎ አመልክት ብዬው ነበር፤ ችላ አለ። ይኸው በላችው።»

«ከሰዓት በኋላ ወይም ማታስ ወደ ንባብ ቤቱ ሄደው ነበር?»

«ከቢሮ አልወጣሁም።»

«ጫማዎ ላይ ያለውስ?»

«ኖራ ነው። ቢሮአችን እየተቀባ ነው።» ሰይፈሥላሴ ፈገግ አለ። «መቶ አለቃ፣ ነገር አታርዝም። የአብዮቱን ዓይን የሚመረምር ሰው የራሱ ዓይን እንዳይጠፋ ያስብ።»

ጠና አመስግኖ ወጣ። ፈርቷል፤ ይህን ለራሱ አልደበቀም። ቢሆንም ያን ቀን ከቀበሌው ሊቀመንበር ከአቶ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄዶ የማመልከቻዎቹን ፋይል በፊርማ ተረከበ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በንባብ ቤቱ ተሰበሰቡ። ማቴዎስ እጁ ታስሯል፤ ገነቴ ከአጠገቡ ቆማለች። መኪናው ቀድሞ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩን አላጠፋም።

ጠና የዛቻውን ወረቀት ጀርባውን አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እትዬ ገነቴ፣ ይህን ለጥፈሽዋል?»

ገነቴ በጣቷ ዳበሰችው። «ይህ ቡላ ነክቶት አያውቅም።»

«አዎ፤ ግድግዳው ላይ አልዋለም። ጓድ ሰይፈሥላሴ ግን እዚያ አንብቤዋለሁ ብለዋል። ያልተለጠፈን ወረቀት ያነበበው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።»

ጠና ድምፁን ሳይቀይር ቀጠለ። ወንዳፈረው ከማቴዎስ ጋር ታርቋል፤ የሚያመለክትበት ነገር አልነበረውም። ዛቻ ቢሆን ደግሞ የሚያመለክተው ለቀበሌው ነበር፤ ይህን ግን ለአውራጃው አደርሰዋለሁ አለ። ቀበሌውን የዘለለው የሚከሰሰው ሰው ክስ ተቀባዩ ራሱ ስለሆነ ነው። እንደ ደንቡም ሰኞ ጠርቶ ነገረው፤ አንድ ቀን ሰጠው። ሰውየውም ቀኑን ተጠቀመበት።

«ምን አግኝቶበት?» አለ ወልደ ሰንበት።

ጠና ከፋይሉ አራት ወረቀት አወጣ። ሰይፈሥላሴ «ማልጄ ከግድግዳ የገነጠልኳቸው» ብሎ ያመለከተባቸው ናቸው። አርብ ዕለት ለዓመቱ ሪፖርት ይገለብጥለት ዘንድ ፋይሉን ለወንዳፈረው የሰጠው እሱ ራሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበርና። የአራቱም ጀርባ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሳይውሉ ራሱ የጻፋቸው እንደሆኑ ወንዳፈረው ያወቀው በዚህ ነው።

«ወረቀቱ በፊት በኩል ብቻ የሚነበብ መስሎዎት ነበር» አለ ጠና። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሰይፈሥላሴ ጫማ ስፌት ነጩን በቢላ ፋቀ፤ ውሃ ጠብ አድርጎ በሁለት ጣቱ አሸው። ነገሩ እየለሰለሰ ተጣበቀ፤ ጣቶቹን ሲያላቅቅ ክር አወጣ። «ኖራ እንዲህ አይሆንም። ድስቱ ሲገለበጥ እዚህ ነበሩ።»

ሰይፈሥላሴ አልካደም፤ ጫማውን ብቻ አየ። ጠና የማቴዎስን እጅ ፈታ።

ገነቴ ግን ወንድሟን አላቀፈችም። ከአራቱ ወረቀቶች አንዱን አንስታ በዘመቻው በተማረችው ፊደል ቀስ ብላ አነበበች። ጻፈው ተብሎ የአክሊሉ ስም የተመዘገበበት ነበር። ጀርባውን በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰች።

«የት ነው ያለው?» አለች።

«እኔ ማመልከት ብቻ ነው ሥራዬ» አለ ሰይፈሥላሴ። «ወዴት እንደሚወስዷቸው ጠይቄ አላውቅም።»

ሰይፈሥላሴን መኪናው ላይ ጫኑት። ገነቴ ወጥታ የሹፌሩን በር ያዘች። አምና አክሊሉን የወሰደው እሱ እንደሆነ ጠየቀችው። ሹፌሩ መልኩን አላስታውስም አላት፤ በዚያ መንገድ ሁልጊዜ የሚነዳው ግን እሱ ነው። ሲመለስ ምን ጭኖ እንደሚመጣ ጠየቀችው።

«ስመለስ ባዶ ነኝ፣ እህቴ» አላትና ማርሽ አስገባ።