ወደ ጆንጁ የማይሄደው ጎብኚ

ተሻገር የሚባለውን ሰው መጀመሪያ ያየሁት ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ውስጥ በአንድ የቱሪዝም ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ጊዜው ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ነበር። እኔ ወለላ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጄኔቭ ውስጥ በአንድ የኮሪያ ዲፕሎማት ቤት እሠራ ነበር።

አሠሪዬ፣ የዲፕሎማቱ ሚስት ማዳም ሃን፣ የተወለዱት ጆንጁ በምትባል የኮሪያ ከተማ ነው። ከተማዋን ለስዊስ ተጓዦች እንዲያስተዋውቁ ተጠይቀው ስለነበር እኔን ለሥራ ይዘውኝ መጡ። በተሰጠን ቦታ ላይ የማራገቢያ ሙዚየሙን፣ የወረቀት ሙዚየሙንና የአሮጌውን ሰፈር ጥቁር ጣሪያዎች የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ሰቀልን። በአንዱ ጥግ ጎብኚው የኮሪያ ቀሚስ ለብሶ ፎቶ ይነሳል። በሌላው ጥግ እኔ ውሃ የሞላ ገንዳ አጠገብ ቆሜ፣ ሰዎች ከተቀቀለ የዛፍ ልጥ በቀርከሃ ወንፊት ወረቀት ሲሠሩ አግዛለሁ። ጆንጁ የሚሄድ ሰው በሙዚየሙ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሐበሻ ሰልፉን ጥሶ ገንዳው ዳር ደረሰ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ግንባሩን ላብ አቸፍችፎታል። ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ፣

«እህቴ፣ በማርያም፣ እንደ ሌላው ጎብኚ አሠሪኝ» አለኝ።

ቀና ስል ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው አዳራሹን ይቃኛሉ።

እኔ የመኖሪያ ካርድ አለኝ። ግን አሠሪዎቼ እስካሉ ድረስ ብቻ የሚያኖረኝ ካርድ ነው። ሰው ደብቀሻል ብባል ምን ይውጠኛል? ማዳም ሃን ሁለት እርምጃ ርቀው ለአንዲት አሮጊት ቀሚስ ያለብሳሉ።

«እጅህን ክተት» አልኩት።

ወንፊቱን አስያዝኩት። እጆቹ ሲንቀጠቀጡ ውሃው ከገንዳው ወደ ወለሉ መፍሰስ ጀመረ። እንዲህ ከቀጠለ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቹን ውሃው ውስጥ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጮክ አልኩ።

«ጆንጁ ሲሄዱ የወረቀት ሙዚየሙን ሳያዩ እንዳይመለሱ! ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ቀስ ብለው!»

ፖሊሶቹ መጡ። አንደኛው ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ከጣቶቼ ሥር የልጁ ደም ሥር ሲመታ ይሰማኛል። ልጁ ፈገግ ለማለት እየታገለ መለሰ። ፖሊሱ ሳቀና ከጓደኛው ጋር አለፈ።

«ምን አለህ?»

«ውሃው ይቀዘቅዛል ወይ አለኝ። በጣም አልኩት።»

«ሄደዋል። አሁን እጅህን ማውጣት ትችላለህ።»

«ትንሽ ቆዪ» አለ። «እጄ ገና አላመነም።»

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል ሳቄ መጣ። እሱም ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ስልክ ቁጥሬን የጆንጁ ሙዚየሞች በተዘረዘሩበት ብሮሹር ጀርባ ላይ ጽፌ ሰጠሁት። እንዴት እንደደፈርኩ ዛሬም ይገርመኛል።

በማግስቱ ደወለ። «ትናንት ያስደነገጥኩሽ ሰውዬ ነኝ» አለ።

ታሪኩን በስልክ፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በአንድ ምርጫ ጣቢያ በታዛቢነት ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ በመጣው ግርግር ታፍሶ ሦስት ወር ታሰረ፤ ሲፈታ በሱዳን አድርጎ ወጣ። ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ሲጠይቅ መልሱ «ኔጋቲቭ» ሆነ። ከዙሪክ ወጣ ባለች መንደር፣ ምድር ቤት ባለ መጠለያ ይኖራል። ከመንደሩ እንዳይወጣ ታዟል፤ ወጥቶ ከተገኘ ይታሰራል።

«ታዲያ ኦርሊኮን ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ሰው ለማየት። ማንንም አይደለም፤ እንዲሁ ሰው።»

የኔ ዕረፍት እሑድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዤ ዙሪክ እሄድ ጀመር። ሐበሻ የሚሰበሰብበት ላንግሽትራሰ ፍተሻ ስለሚበዛበት ወደዚያ ዝር አንልም። የምንገናኘው ሙዚየም ውስጥ ነበር። እዚያ የሚጠየቀው ቲኬት ነው እንጂ መታወቂያ አይደለም።

አንድ እሑድ፣ መናፈሻ መሃል ባለ የእስያ ዕቃዎች ሙዚየም ውስጥ፣ ዘበኛው ተከተለን። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስናልፍ እሱም ያልፋል። የተሻገር እርምጃ ፈጠነ።

«ወደ መውጫው ሂጂ» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «እንደማታውቂኝ ሁኚ።»

መሄድ ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለ። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር። ዘበኛው፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ደረሰብንና በእንግሊዝኛ፣

«ስለ ኮሪያ ስታወሩ የሰማሁ መሰለኝ» አለን። «የኮሪያዎቹ ሸክላዎች ፎቅ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው ሳያያቸው ይሄዳል፤ ያሳዝነኛል።»

አመስግነን ወደ ፎቅ ወጣን። ተሻገር አንድ ግራጫ አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«እንዲህ ሆኜ አንቺን መውደድ ነውር ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ለአንድ ዘበኛ እንኳ ጉልበቴ ይከዳኛል።»

«የኔስ ጉልበት መቼ ቆመ?» አልኩት። «እጅህን የያዝኩት እንዳልወድቅ ነው።»

በዚያ ቀን ነው እንደምንዋደድ ያወቅነው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ እጥፍ ሆነ። ቀድሞ ለራሴ ብቻ ነበር የምፈራው።

በሁለት ሺህ ሁለት ሰኔ ላይ የማዳም ሃን ባለቤት የጄኔቭ ምድባቸውን ጨረሱ። ማዳም አንድ ማለዳ ቁርስ ሳነሳ አስቀመጡኝ።

«ጆንጁ ያለችው እህቴ ወረቀት ሙዚየሙ አካባቢ የእንግዳ ቤት አላት። የውጭ ጎብኚዎችን ይዞ ሙዚየሞቹን የሚያሳይላት፣ ወረቀት አሠራሩን የሚያለማምድላት ሰው ትፈልጋለች። ስላንቺ ነግሬያታለሁ። ቪዛውን እኛ እንጨርሳለን። አስቢበት፤ ግን ቀኑ አጭር ነው።»

ካርዴ በሐምሌ መጨረሻ ያበቃል። እምቢ ካልኩ እኔም ወረቀት አልባ ሆኜ እደበቃለሁ። እሺ ካልኩ ተሻገርን አጣለሁ። ስልክ ስደውልለት «የምነግርህ አለኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም።

«አልቅሰሻል እንዴ? አትምጪ፤ እሑድ እኔ እመጣለሁ።»

«አብደሃል? ቢይዙህስ?»

«አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ወዳንቺ ልምጣ፣ ወለላ።»

እሑድ ኮርናቫን፣ የጄኔቭ ባቡር ጣቢያ፣ ቆሜ ጠበቅሁት። የአራት ሰዓቱ ባቡር ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሱ የለም። ቀጣዩም መጣ። ሞባይሉ ዝግ ነው። የመጨረሻው ሰው ከመድረኩ እስኪጠፋ እያየሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅሁ፣ እስከ አመሻሽ ቆየሁ። ምን እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ለፖሊስ ብጠይቅ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ እሆናለሁ።

ለዛቫንሼ በሚባል የጄኔቭ ሰፈር ወደምትኖረው ወደ ለተሚካኤል ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናት፤ ጄኔቭ ስገባ መንገድ ያሳየችኝ እሷ ናት።

«ጉዞሽን ሰምቶ ይሆናል» አለችኝ። «አንዳንዱ መሰናበት ይፈራል። ስልኩን ዘግቶ ይቀራል።»

«እሱ እንዲህ አያደርግም፣ እትዬ።»

«ይሁን፤ አንቺ ግን ቪዛሽን አትተዪ።»

አያደርግም አልኩ እንጂ በሁለተኛው ሳምንት ልቤ ከዳኝ። አንዳንድ ቀን ታስሯል ብዬ እንቀጠቀጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ትቶኝ ነው ብዬ እናደዳለሁ። ትቶኝ በሆነ ብዬ የተመኘሁበት ቀንም ነበር፤ ቢያንስ ደኅና ነው ማለት ነውና። ለማዳም የጉዞውን ነገር እሺ አልኳቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ወለላ ነሽ? አበጀ እባላለሁ፤ ከተሻገር ጋር መጠለያ አብረን ነን። ባቡር ውስጥ ይዘውት ታስሯል። ሞባይሉን ስለወሰዱበት ቁጥርሽን ያገኘው ገና አሁን ነው። ደኅና ነኝ፣ ግን እንዳትመጪ ብሏል። ጠያቂ መታወቂያውን ያስመዘግባል፤ አንቺ ላይ ችግር እንዳይመጣ ፈርቷል።»

የማዳምን ባለቤት ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን ኮሌታው ላይ ረስቼው ጨሰ። ማዳም ጭሱ ሸቷቸው መጡ። ቆጣ ማለት ይወዳሉ፤ ያን ቀን ግን ፊቴን አይተው ካውያውን ነቀሉት። ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ያባርሩኛል ብዬ እየጠበቅሁ ተናገርኩ።

«ገንዳው ጋ የነበረው ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስ አየሁ። ፖሊሶቹንም አየሁ። የአሮጊቷን መቀነት ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አሰርኩት፤ እኔም እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።» ከዚያ የተቃጠለውን ሸሚዝ አጣጠፉት። «ሐሙስ መኪናውን እኔ እነዳለሁ። መታወቂያሽን አትርሺ።»

እስር ቤቱ በር ላይ ካርዴን ሰጠሁ። ማዳም ከጎኔ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ስሜን ጽፈው አስገቡኝ።

ተሻገር ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል።

«እንዳትመጪ ብዬ ነበር።»

«ነግሮኛል። ትቶኛል ብዬ ነበር እኮ፣ ተሻገር።»

«ትቶኛል?» ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ከፖሊሱ ቀን የባሰ ነበር። «ፍራይቡርግ ጣቢያ ላይ ሲያስወርዱኝ የማስበው አንቺ መድረኩ ላይ ቆመሽ እንደምትጠብቂ ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

ስለ ጆንጁ ነገርኩት። ጥፍሩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲፍቅ አያለሁ።

«ሂጂ» አለኝ።

«ከልብህ ነው?»

«አይደለም። ግን ሂጂ። ከቀረሽ ሁለት የተደበቁ ሰዎች እንሆናለን። አንቺ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር እኔ እሞታለሁ። አንዳችን እንኳ ፊታችንን ሳንሸፍን እንሂድ።»

«ብትረሳኝስ?»

«ምን ሌላ የማስበው አለኝና?»

«ስማ» አልኩት፤ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። «የምሄደው ልሰናበትህ አይደለም። ከተፈታህ ጀምሮ በየእሑዱ እደውላለሁ። አንድ እሑድ ካላነሳህ ሰኞ አልሠራም።»

«አነሳለሁ» አለ። ጠባቂው ሰዓቱ ማለቁን ነገረን።

በነሐሴ ጆንጁ ገባሁ። የፈረንሳይና የአውስትራሊያ ጎብኚዎችን ይዤ ከማራገቢያ ሙዚየም ወደ ወረቀት ሙዚየም፣ ከዚያም ወደ አሮጌው ሰፈር እሄዳለሁ። ሰዎች በስሜ ይጠሩኝ ጀመር፤ ከፖሊስ ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ። ተሻገር ከተፈታ በኋላ እሑድ እሑድ ግን ስልኩ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ጥሪዎች ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ እሞታለሁ። አንድ እሑድ አልተነሳም። ሰኞ አልጋዬ ላይ ዋልኩ። ማክሰኞ አበጀ ደውሎ የተሻገር ሞባይል ተሰብሮ መሆኑን ነገረኝ።

ተሻገር በሦስት ወሩ ተፈቶ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚጠየቁት ዓመታት ሲሞሉት ጠበቃው በችግር ምክንያት የሚሰጠውን የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀለት። መልስ ስንጠብቅ ዓመት አለፈ፤ ሌላም ተጨመረ። በሁለት ሺህ አምስት ኅዳር፣ እሑድ ባልሆነ ቀን ደወለ። ቀኑ ስላልነበረ ክፉ ነገር መስሎኝ ተቀመጥኩ።

«ፖዚቲቭ!» አለ። ፈቃዱ ተሰጥቶታል።

በአረጋውያን ቤት ሥራ አገኘ፤ ኦርሊኮን ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ለጋብቻ ተብሎ ቪዛ ተሰጠኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ አዲስ ፍርሃት ያዘኝ። ሁለት ዓመት ተኩል ድምፅ ብቻ ነበርን። ሰውዬውን ባላውቀውስ? እሱስ እኔን? ከመውጫው በር ማዶ አበባ ይዞ ቆሟል፤ አበባውን ከጭንቀት ብዛት አጨማድዶታል። አጠገቡ ደርሼ ቆምኩ። እሱም ቆመ።

«ወፍረሻል» አለኝ።

«ቀጥነሃል» አልኩት። ከዚያ አቀፈኝ፤ አበባው መሃላችን ተጨፈለቀ።

በሚያዝያ ተጋባን። ለተሚካኤልና አበጀ ምስክር ሆኑ።

አብረን መኖር ስንጀምር ያወቅሁት አንድ ነገር አለ። ተሻገር መጠለያ በኖረባቸው ዓመታት ልብሱን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው። አሁንም ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ይነቃል፤ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ተነስቶ ይቆማል። ተው አልለውም። አጠገቡ እቀመጥና ኮቴው እስኪያልፍ አብሬው እጠብቃለሁ።

በሰኔ አንድ እሑድ ቀትር ላይ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ቁልፉ እምቢ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አዞርኩት፤ ስገባም በሩ ከኋላዬ በነፋስ ተመትቶ ጓ ብሎ ተዘጋ። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

ተሻገር ሶፋው ላይ በቁምጣና በካናቴራ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጫማዬን አውልቄ፣ ዳቦውን ይዤ ቆሜ አየሁት። አልነቃም።